አንዷ ኮሶ ቀልታ፣ ጎረቤቷ ለምን ገረጣ?

በየዳ ወይም ደባርቅ ውስጥ ሁለት ኮሶ ጎን ለጎን ወዳሉበት ግቢ በአበባቸው ወራት የገባ ሰው መጠየቁ አይቀርም። አንዷ ቀይ ዘለላ አንዠርግጋለች፤ ሌላው ገርጥቶ ቆሟል። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ አጥሩም አንድ።

«ያኛው ታሟል» የሚል አለ። «ገና ነው፤ ወቅቱ ሲደርስ ይቀላል» የሚልም አይጠፋም። ሃያ ዓመት ቢጠብቁት አይቀላም፤ ወንዴ ነዋ! ኮሶ እንደ ፓፓያ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው። ቀይና ከበድ ያለው ዘለላ የሴቴዋ ነው፤ ሳሳ ብሎ ወደ ነጭና ብርቱካንማ የሚያደላው የወንዴው። ለኮሶ ትል የሚጠጣው ያ መራራ መድኃኒት የሚዘጋጀው ከሴቴዋ አበባ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀር ተሽጧል። (መጠኑ ካለፈ ዓይን ያጠፋልና በቤት አይሞከር።)

የሚያሳዝነው «ይሄ መካን ነው» ተብሎ መጥረቢያ የሚነሣበት ወንዴው መሆኑ ነው። እሱ ሲወድቅ ሴቴዋ መቅላቷን አትተውም፤ በአካባቢው ሌላ ወንዴ ከሌለ ግን ችግኝ የሚሆን ዘር አይገኝባትም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው የሐበሻ ጥድም እንዲሁ ነው፤ ሰማያዊ ፍሬ የሚይዘው ሴቴው ብቻ ነው።

ውርጭ ደግሞ ሌላ ክርክር አለው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በግቢው ላይኛው በኩል ያለችው ጌሾ እንደ ለመለመች ታነጋለች፤ አሥር እርምጃ ዝቅ ብላ ያለችው ቅጠሏ ተጠብሶ ያድራል። «ብርድ ያለው ላይ ነው፤ የታችኛዋ ዘሯ ደካማ ቢሆን ነው» ይባላል። አባባሉ ለአገሩ ልክ ነው፤ ወደ ራስ ደጀን በወጡ ቁጥር ይበርዳል። በአንድ ግቢ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፣ የነካውም አየር አብሮት ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ጎድጓዳው ላይ ይተኛል። የታችኛዋ ጌሾ ያደረችው እዚያ ኩሬ ውስጥ ነው። የግቢው የታች አጥር ድፍን የድንጋይ ካብ ከሆነማ ኩሬውን የሚገድበው እሱ ራሱ ነው፤ ለጎርፍ እንደሚደረገው ከሥሩ መውጫ ቢከፈትለት ብርዱም በዚያው ይሾልካል።