ከጢስ ዓባይ ከተማ እስከ ፏፏቴው

በካርቱም ከተማ፥ አል-ማንሺያ በሚባለው ሠፈር ዳር፥ ጥቁር ዓባይ ሰፊና ጸጥ ያለ ሆኖ ያልፋል። ጥቂት ወረድ ብሎም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። በማንሺያ ድልድይ ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው፥ ይህ ዝምተኛ ውሃ ከጣና ሐይቅ ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይርቅ ከገደል እየተወረወረ የሚያገሣ መሆኑን ለመገመት ይቸግረዋል። ከጣና እስከ ካርቱም የወንዙ ጉዞ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ ዛሬ አንባቢያችንን ይዘን የምንጓዘው ግን በመነሻው አጠገብ ባለችው አጭር የእግር መንገድ ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና የሄደ መንገደኛ፥ ጢስ ዓባይ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። መንገዱ በመጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ፥ ዓባይ ከፏፏቴው በታች በጠባብ የድንጋይ ሸለቆ ውስጥ ተጨንቆ ወደሚያልፍበት ሥፍራ ያደርሳል። በዚህ ላይ የተዘረጋው የአላታ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት በድንጋይና በኖራ የታነጸ ሲሆን፥ ብዙ ሰዎች «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። መንገደኛ ሁሉ ፏፏቴውን ለማየት ስለሚቸኩል ድልድዩን ረግጦ ያልፈዋል እንጂ ቆም ብሎ አይመለከተውም፤ ይህም የሚያሳዝን ነው። ያን የሚያህል ወንዝ አንድ በግ ጠባቂ ድንጋይ ወርውሮ ሊያሻግረው እስከሚችል ድረስ ጠብቦ የሚታየው እዚህ ነውና።

ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን የወጣ ሰው፥ ገና ፏፏቴውን ሳያይ ድምፁን ይሰማል። ከዚያም በድንገት ከፊቱ ይገለጥለታል። ቁመቱ 45 ሜትር ያህል ነው፤ ክረምት በሚያይልበት ጊዜም ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ከታች የሚነሣው የውሃ ብናኝ ከሩቅ ጢስ ስለሚመስል፥ ሥፍራው ጢስ ዓባይ ወይም ጢስ እሳት ተባለ። በፏፏቴው አጠገብ ያለውን ጥቂት ደን በበጋ እንኳ አረንጓዴ አድርጎ የሚያኖረው ይኸው ብናኝ ነው። በእርግጥ በአገራችን ሰፊውን የዝናብ ደን ማየት የሚሻ ሰው ወደ ከፋና ወደ ሸካ መሄድ ይኖርበታል፤ የዚህ ሥፍራ ደን ግን ዝናሙን የሚቀበለው ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከወንዙም ጭምር በመሆኑ ልዩ ነው።

ገደሉ ሌላም ሥራ ሠርቷል። ከታች የሚመጣ ዓሣ ይህን ከፍታ መውጣት ስለማይችል፥ የጣና ዓሦች ከናይል ዓሦች ተለይተው ኖሩ። የናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ በሱዳን ሲጠመድ በጣና አይገኝም፤ በአንጻሩ በጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ከደርዘን በላይ የባርበስ ዓይነቶች አሉ። ስለዚህ ለዓሣው ፏፏቴው እንደ ቅጥር ነው።

አሁን ወደ አከራካሪው ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 በዚሁ ሥፍራ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉም 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ያ ከወንዙ የሚወስደው ውሃ ጥቂት ስለ ነበረ የፏፏቴውን ግርማ ብዙ አልቀነሰውም። በ2001 ግን 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ተጨመረ፤ ውሃውም ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደ መዘውሮቹ ስለሚሄድ፥ ገደሉ በበጋ ወራት አብዛኛው ራቁቱን ቀረ። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። ይህኛው ውሃውን የሚወስደው ከሐይቁ ራሱ፥ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ በኩል ነው። ውሃው አይጠፋም፤ በበለስ ወንዝ በኩል ዞሮ በስተ ታች ከዓባይ ይገባል። ስለዚህ ለማንሺያ ነዋሪ ውሃው በየትኛው መንገድ መምጣቱ ለውጥ የለውም። ለጢስ ዓባይ ከተማ ሰው ግን አለው፤ እንግዳ እየመራ፥ ጋቢና የቅል ዕቃ እየሸጠ የሚኖረው ሰው ገቢው ከፏፏቴው ጋር ይጎድላልና። መብራት ለሕዝብ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን በአንድ ብር ኖት ላይ ሥዕሉ ታትሞ የነበረ ፏፏቴ፥ እንግዳ በሚበዛበት ወር ቢያንስ በተወሰኑ ቀናት ውሃ ቢለቀቅለት የሚከብድ አይመስለንም።

ለመሄድ ያሰበ አንባቢ፥ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ይምረጥ። መንገዱ በዚያ ወራት ጭቃ ስለሆነ ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል፤ የአገሩ ልጅ መሪ መያዝም ይበጃል። ከ2023 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስለ ተነሣ፥ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ደኅንነት ከባሕር ዳር ጠይቆ መረዳት ተገቢ ነው። በመጣበት መንገድ መመለስ የማይወድ ሰው፥ ከፏፏቴው በላይ ውሃው ጸጥ ባለበት በኩል በጀልባ ተሻግሮ ወደ ከተማዋ መግባት ይችላል።