ታች ስለሚለው ቃል፤ በግዕዝና በልዩ ልዩ ልሳናት እንደ ምን እንደሚነገር

መጻሕፍትን የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ታላላቁን ቃል ይመረምራል፤ ታናሹን ቃል ግን እንደ ተርታ ነገር ያልፈዋል። በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ ግን ተርታ ቃል የለምና፥ ዛሬ ከታናናሾቹ ቃላት አንዱን፥ በግዕዝ ታሕት በአማርኛ ታች የምንለውን እንመረምራለን። ይህ ቃል ለጊዜው ስለ ዝቅተኛ ስፍራ የሚነገር ነው፤ ሲመረመር ግን መጠጊያን፥ ሥልጣንን፥ ቤዛነትን፥ ትሕትናንም የሚያስተምር ሆኖ ይገኛል።

የአዲስ አበባ ሰው ላይንና ታችን ለመለየት መምህር አያስፈልገውም፤ ከተማው በተዳፋት ላይ የተሠራ ነውና። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ሜዳ ግን 2,300 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከየካ ሚካኤል ተነሥቶ ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም የሚሄድ ሰው ወረድሁ ይላል፤ ሲመለስም ወጣሁ ይላል። ውኃውም እንደ ሰው ከእንጦጦ እየወረደ ወደ አቃቂ፥ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ነገር ግን በስፍራ ታች የሆነው ቦሌ ዛሬ ታላላቅ ሕንጻ የበዛበት፥ ባለጠጎችም የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ከዚህም የስፍራ ታችነትና የክብር ታችነት አንድ እንዳይደሉ አስቀድመን እናስተውል፤ የነገራችን መሠረት ይህ ነውና።

ስለ ቃሉ ዘር። ታሕት የሚለው ቃል ሥሩ ተ፥ ሐ፥ ተ ነው። ይህም ሥር የግዕዝ ብቻ አይደለም፤ ዕብራይስጡ ተሐት፥ ዓረቡ ተሕተ፥ ትግርኛው ትሕቲ ይላል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ተቀምጠው ግዕዝን ከዕብራይስጥና ከሌሎች ሴማውያን ልሳናት ጋር ያስተያዩት ስለዚህ ዝምድና ነው፤ የድካማቸውም ፍሬ የሆነው መዝገበ ቃላት እርሳቸው ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ እጅ በ1948 ዓ.ም. ታትሟል።

አማርኛችንስ እንደ ምን ታች አለ ቢሉ፥ የጉሮሮውን ፊደል ሐን ከንባብ ስለ ተወ፥ ተንም ወደ ቸ ስለ ለወጠ ነው። ላዕል ከሚለውም ዐን ትቶ ላይ ብሏል። ይህንም ለመረዳት የሀገራችንን የቦታ ስም መመልከት ይበቃል። በጎንደር ወገን ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፥ ላይ አርማጭሆና ታች አርማጭሆ ይባላል፤ በትግራይም ላዕላይ ማይጨውና ታሕታይ ማይጨው፥ ላዕላይ አድያቦና ታሕታይ አድያቦ ይባላል። ቃሉ አንድ ነው፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠበቀ፥ አንዱ ተወ። እንግዲህ አንዱ በሌላው አነጋገር ቢሥቅ በገዛ ወንድሙ ድምፅ መሣቁ ነው።

ኦሮምኛ ግን ከኩሽ ልሳናት ስለ ሆነ ሥሩ ሌላ ነው። ከአንድ ነገር ሥር ያለውን ጀለ ይላል፤ ወደ ታች መሆንንም ገዲ ይላል። መጽሐፍ ቅዱስን በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ኦኔሲሞስ ነሲብ ሥራውን በግዕዝ ፊደል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ሲያሳትም፥ የሌላ ዘር ቃል በእኛው ፊደል ተጽፎ ተነበበ።

በዚህ ስፍራ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ግዕዝ ታሕተን ከስሙ አስቀድሞ ታሕተ ዕፅ ይላል፤ ዕብራይስጥም ዓረብም ጽርእም እንዲሁ ያስቀድማሉ። ኦሮምኛ ግን ዛፉን አስቀድሞ ሙከ ጀለ ይላል። አማርኛስ ወዴት ነው ቢሉ፥ በቃሉ ሥር የግዕዝ ዘመድ ሲሆን፥ በአነጋገር ሥርዓት ግን ከኦሮምኛ ጋር ይቆማል፤ ከዛፍ በታች፥ ከዛፍ ሥር ይላልና። ይህም ረጅም ዘመን በጉርብትና የኖሩ ሕዝቦች ቃል ብቻ ሳይሆን የነገርን ሥርዓት እንኳ እንደሚማማሩ ያስረዳል። ቋንቋዬ ከማንም አልተበደረም የሚል ሰው ታች የሚለውን ቃል በየት እንደሚያስቀምጠው ይመልከት።

አማርኛ ከታች በቀር ሌሎች የራሱ ቃላት አሉት። ከዛፍ ወስዶ ሥር ይላል፤ ከሰው አካልም ወስዶ እግርጌ ይላል። የአልጋ ራስጌና ግርጌ እንደሚባል፥ ተራራም እንደ ሰው ራስና እግር ተሰጥቶታል። በኦሪት ዘጸአት 19፥17 እስራኤል በሲና ሕግ ሊቀበሉ የቆሙበትን ስፍራ ዕብራይስጡ ከተሐት በወጣ ቃል የተራራው ታችኛ ክፍል ይለዋል፤ ጽርኡም ከተራራው በታች ይላል። ከአይሁድ መምህራን ወገን ይህን እንደ ቃሉ ይዘው፥ እግዚአብሔር ተራራውን ነቅሎ እንደ ጋን በላያቸው ደፋው፥ ሕጉን ባይቀበሉ መቃብራቸው በዚያ ሊሆን ነበር ብለው የተረጐሙ አሉ። በአማርኛ እግርጌ ሲባል ግን ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ በእግሩ አጠገብ ቆሙ ማለት ነውና። የአንዲት ታናሽ ቃል አመላለስ ለትርጓሜ በር እንደሚከፍት፥ እንደሚዘጋም፥ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንግባ። ታሕት በመጻሕፍት በሦስት መንገድ ይነገራል።

መጀመሪያው መጠጊያ ነው። ናትናኤል ከበለስ በታች ሳለ ጌታ እንዳየው በዮሐንስ ወንጌል 1፥48 ተጽፏል። መተርጕማን ሄሮድስ ሕፃናትን ባስፈጀ ጊዜ እናቱ ከበለስ ሥር ሸሽጋው ነበር ይላሉ። በዚህ መንገድ ታች መሆን መዋረድ አይደለም፥ መጠበቅ ነው እንጂ። ጫጩት ከእናቱ ክንፍ በታች ቢሆን ተዋረደ አይባልም።

አንድም ሥልጣን ነው። በማቴዎስ ወንጌል 8፥8-9 የመቶ አለቃው ይህን ቃል በብዙ ወገን ይናገራል፤ ጌታ ከቤቱ ጣራ በታች ይገባ ዘንድ እንዳይገባው፥ እርሱ ራሱ ከሥልጣን በታች እንደ ሆነ፥ ከእርሱም በታች ጭፍሮች እንዳሉት። ማዘዝ የሚያውቅ ያው ሰው መታዘዝንም እንዲያውቅ አስተውሉ። ከበላዩ ሹም እንዳለ የማያስብ አዛዥ ከበታቹ ያሉትን ይረግጣል፤ ይህ ግን ሁለቱን ስላወቀ ለታመመ አገልጋዩ ለመለመን መጣ።

አንድም ፋንታ ነው፤ ይህም ከሁሉ ይጠልቃል። ዕብራይስጡ ተሐት የሚለው ቃል በታች ከማለት በቀር በፋንታ፥ በምትክ ማለትም ይሆናል። እንደ ምን ነው ቢሉ፥ ከሰው እግር በታች ያለው መሬት የዚያ ሰው ስፍራ ነው። በኦሪት ዘጸአት 16፥29 በሰንበት ሰው ሁሉ በስፍራው እንዲቀመጥ ሲታዘዝ፥ በስፍራው የተባለው በዕብራይስጥ ይኸው ቃል ነው። እንግዲህ የሌላውን ስፍራ የያዘ በእርሱ ተሐት ሆነ፥ በፋንታው ቆመ ይባላል። አብርሃም በልጁ ፋንታ በጉን ሲሠዋ በዘፍጥረት 22፥13 ያለው ቃል ይህ ነው። ዳዊትም አቤሴሎም በሞተ ጊዜ፥ እኔ በአንተ ፋንታ በሞትሁ ብሎ ሲያለቅስ በሳሙኤል ካልዕ 18፥33 ያለው ቃል ይኸው ነው። አባት ከልጁ ሞት በታች ገብቶ ሊሸከመው ወደደ፥ አልተቻለውም።

የብሉይ ግዕዛችን ከጽርእ የተመለሰ ነውና፥ ጽርኡም ስለ ፋንታ አንቲ የሚል ሌላ ቃል ስላለው፥ በግዕዝ ህየንተ ተባለ እንጂ ታሕተ አልተባለም። ስለዚህ የሁለቱ ነገር አንድነት ከግዕዝ አንባቢ ዐይን ተሰወረ። ነገር ግን አማርኛ ሳያውቀው ይህን ምሥጢር ይዞ ይገኛል፤ ልጅ የአባቱን ስፍራ ሲይዝ በአባቱ እግር ተተካ እንላለንና። ዕብራዊው በታች ያለውን እኛ በእግር አልነው፤ ነገሩ አንድ ነው።

ጽርእ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በታች ለማለት ሂፖ ይላል፤ ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ ለማለት ግን ብዙ ጊዜ ሂፔር ይላል፤ ይህም በመጀመሪያ በላይ ማለት ነው። ጋሻ የሚያነሣ ወታደር በወደቀው ወዳጁ ላይ ሆኖ እንደሚከልለው ያለ ነው። አንዱ ልሳን ከሸክሙ በታች ገባ አለ፤ አንዱ ልሳን በላይ ሆኖ ከለለ አለ። ሁለቱ ይጣላሉን ቢሉ፥ አይጣሉም፤ የሚያድን ሰው ለሸክሙ ታች፥ ለተሸከመው ወንድሙ ጋሻ ነውና።

ከታሕት ትሕትና ይወጣል። ትሑት ማለት በታች የሆነ ማለት ነው። ኦሮምኛም ትሑትነትን ገድ ኦፍ ቀቡ ይለዋል፤ ራስን ዝቅ አድርጎ መያዝ ማለት ነው። የሮማውያን ልሳን ትሑትን ሁሚሊስ ሲል ሁሙስ ከሚል አፈር ከሚባል ቃል አወጣው። ጽርኡ ታፔይኖስ ለዝቅተኛ መሬትም ይነገራል፤ በአረማውያን ዘመን ስለ ሰው ሲነገር ብዙ ጊዜ ስድብ ነበረ፤ ወንጌል ከተሰበከ በኋላ ግን የምግባር ስም ሆነ። አማርኛ ግን ሁለት ስም ለይቶ አስቀመጠ፤ ወረደ ከሚለው ውርደት፥ ታሕት ከሚለው ትሕትና ይላል። ሁለቱም ወደ ታች መሄድ ናቸው፤ ነገር ግን ውርደት ሌላ ሰው ገፍቶ የሚያወርድበት፥ ትሕትና ሰው በፈቃዱ የሚወርድበት ነው። ስለዚህ ትሕትናን ለራስ ይገዟል እንጂ በሌላው ላይ አይጭኑትም። ድኻውን እየበደሉ ትሑት ሁን ማለት ውርደትን በትሕትና ስም መሸጥ ነው።

በገዛ ትምህርታችንም ምስክር አለ። በጎንደር ዘመን የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት ወገን ይነገር ነበር። ስሙ የመምህራኑን ስፍራ እንጂ የትምህርቱን ክብር አያመለክትም። ላይ ቤት የቀደመው ነበረ፤ ታች ቤት ከመምህር ኤስድሮስ ወገን የመጣው ነው። ዛሬ በየጉባኤ ቤቱ የሚሰማው፥ በመጽሐፍ ታትሞም የሚነበበው ይበልጡን የታች ቤት ነው። ታች በመባሉ አልጠፋም፥ ላይ የተባለውም በስሙ ከመረሳት አልዳነም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይሆናል ቢሉ፥ በምሥራቁ የከተማችን ወገን፥ ከቦሌ እስከ ገርጂ፥ ከኮተቤ እስከ አያት፥ ከፍ ያለ ፎቅና ሰፊ ግቢ በዝቷል። በየግቢውም ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ የሚባል ታናሽ ቤት አለ፤ በዚያ የቤት ሠራተኛይቱ ታድራለች፤ በበሩም ዘበኛው ይቆማል። ባለቤቱም ስለ እነርሱ ሲናገር ከእኔ በታች ያሉ ይላል። ቃሉን እንደ ዕብራይስጡ ቢመረምረው ግን ከእኔ በታች ማለት በእኔ ፋንታ ማለት ሆኖ ያገኘዋል። ዘበኛው ሌሊቱን የሚነቃው በባለቤቱ ፋንታ ነው፥ ባለቤቱ ይተኛ ዘንድ። ሠራተኛይቱ ሕፃኑን የምታባብለው በእናቱ ፋንታ ነው፥ እናቱ ወደ ሥራዋ ትሄድ ዘንድ። በታችህ ያለው ሸክምህን የያዘልህ ነው። እንግዲህ ደመወዙን የምታዘገይ፥ በስሙ የማትጠራው፥ በዓሉን የምትነሣው ማንን ነው? በስፍራህ የቆመውን ነው፤ የሠራተኛ ደመወዝ በከለከሉት ላይ እንዲጮኽ በያዕቆብ መልእክት 5፥4 ተጽፏልና።

በታች ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ እናንተም ስፍራችሁ የክብራችሁ ልክ አይምሰላችሁ። ዛፍ የሚቆመው በሥሩ ነው፤ ሥሩም በታች ነው። በላይ ያላችሁም፥ ፍቅር ካላችሁ ውረዱ፤ ሳትገፉ በፈቃዳችሁ ውረዱ፤ በፈቃድ የወረደ ትሑት ይባላል እንጂ የተዋረደ አይባልም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።