«ይፍቱኝ»፦ የፍትሐት ቃል ትርጉምና አገልግሎት



ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቆይቶ፣ «መምህር፣ ወንድሜን የገደሉትን ሰዎች ይቅር በል ይሉኛል። ፍርድ ሳላይ እንዴት ይቅር እላለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ የችኮላ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው።

«ይቅርታ» «ቀረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «ይቅር» የሚል ሰው ነገሩ ይተው፣ ከእንግዲህ አይነሣ ማለቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ጋር ሌላ ቃል አላት፤ እርሱም ፍትሐት ነው። «ፍታት» ሲባል ብዙዎቻችን የቀብርን ጸሎት ብቻ እናስባለን፤ የቃሉ ስፋት ግን ከዚያ ያልፋል። ሥሩ የግእዙ «ፈትሐ» ሲሆን የታሰረን ፈታ፣ ለቀቀ ማለት ነው። ይኸው ግሥ «ፈረደ»ም ይሆናል። ስለዚህ «ፍትሐ ነገሥት» የነገሥታት ፍርድ ሲሆን፣ «ጸሎተ ፍትሐት» ደግሞ የሞተ ሰው ከኃጢአት እስራት እንዲፈታ የሚደርስ ጸሎት ነው። ፍትሕና ፍትሐት የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው።

አገልግሎቱን እንመልከት። ምእመኑ «አባ፣ ይፍቱኝ» ይላል፤ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብሎ ይመልሳል። ልመናው ለካህኑ ቀረበ፤ በመልሱ ግን የግሡ ባለቤት እግዚአብሔር ሆነ። ቤተ ክርስቲያን የካህናትን የማሰርና የመፍታት ሥልጣን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 እና 18 ላይ ትመሠርታለች፤ የሥልጣኑ ምንጭ ማን እንደሆነ ደግሞ ሰዋስዉ ራሱ ይናገራል።

በንስሐም ጊዜ ተነሳሒው በደሉን በአንደበቱ ይናዘዛል፣ የንስሐ አባቱ ቀኖና ይሰጠዋል፣ የቀማ እንዲመልስ፣ የበደለ እንዲክስ ይታዘዛል፤ ከዚያ ይፈታል። ቋጠሮውን ሳያይ የሚፈታ የለም።

የቃል ሥር ፍርድ ቤት አይደለም፤ የተማሪዬን ጉዳይ አይዳኝለትም። ሆኖም «ይቅር በል» ያሉት ሰዎች ነገሩ ተትቶ እንዲቀር ጠይቀውታል፤ እርሱ የሚሻው ነገሩ እንዲፈታ ነው። ፍርድን መሻቱ ምሕረትን መጥላት እንዳልሆነ አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ግሥ መጥራታቸው ያሳስበናል። ያን ዕለት ልነግረው የሚገባኝ ይህን ነበር።