ጥርት ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ለጤናም ይሠራል። ጥርት ብሎ የሚታይ የወንዝ ውኃ ዓይን የማያየውን ተሕዋስ ይዞ ቤትዎ ሊገባ ይችላልና።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በአካባቢው ከተሞች የሚኖሩ ከሆነ፣ ቧንቧ ሲቋረጥ ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወንዝ መውረድን ያውቁታል። ይሁንና ከተማ ባደገ ቁጥር ፍሳሹም ይበዛል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ ሲፈስ ወይም የቤት ፍሳሽ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲለቀቅ፣ ዝናብ ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል። በሆሳዕና አቅራቢያ የሚፈሰው ባቴናም ሆነ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው ብላቴ፣ ከላይ የተጣለባቸውን ይዘው ታች ላለው ሰው ይደርሳሉ።

በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ውኃ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያና ኮሌራ ያስተላልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ አንድም የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ መገኘት የለበትም ይላል። ይህ ባክቴሪያ መኖሩ ውኃው ከዓይነ ምድር ጋር መገናኘቱን ያመለክታል።

ታዲያ ምን ያድርጉ?

ውኃውን ያፍሉ። ከፍ ባለ ቦታ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ነው። ስለዚህ እንደ ሆሳዕና ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ካልቻሉ እንደ ውኃ አጋር ያለውን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የደፈረሰውን አስቀድመው በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥሉት። የጋራዥ ዘይትና ኬሚካል የገባበትን ውኃ ግን ማፍላት አያነጻውም፤ አይጠጡት።

የታከመውን ውኃ ክዳን ባለው ጀሪካን ያስቀምጡ፤ በጣሳ እየነከሩ ሳይሆን እያንቆረቆሩ ይቅዱ።

በፍሳሽ ውኃ የለማ አትክልትንም ይጠንቀቁ። ከቆጮ ጋር የሚቀርበው ጎመን በደንብ ከበሰለ ስጋቱ ይቀንሳል፤ ጥሬ ሰላጣ ግን በአቼቶ ስለተነከረ ብቻ ሙሉ ዋስትና የለውም።

ልጅዎን ተቅማጥ ከያዘው ኦ.አር.ኤስ በታከመ ውኃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ ይስጡት፤ ጡት የሚጠባ ከሆነም አያቋርጡበት። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።

በመጨረሻም ወደ ራስዎ ግቢ ይመልከቱ። መጸዳጃዎ ሳይሞላ ያስመጥጡ፤ ፍሳሽዎንም ወደ ቦይ አይልቀቁ። እርስዎ ከላይ የለቀቁትን ከታች በጀሪካን የሚቀዳ ጎረቤት አለ።