የቆዩ ላንድክሩዘሮች የፊት ፍሬንና የመሪ አንጓ ለምን አብረው ሊታደሱ ይገባል?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሊማሊሞና ጣርማ በርም አሽከርካሪን የሚፈትኑ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ቁልቁለት ሰውና እህል ጭኖ የሚወርድ ተሽከርካሪ ደኅንነቱ በአብዛኛው በፊት ፍሬኑና በመሪው ላይ የተመሠረተ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከባዱን ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው።

ቶዮታ ላንድክሩዘር 40 የሚባለው ሞዴል እ.አ.አ ከ1960 እስከ 1984 ተመርቷል። ቀደም ያሉት የፊት ፍሬናቸው ታምቡር ሲኾን፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ዲስክ የተገጠመላቸው ወጥተዋል። እ.አ.አ በ1980 የመጣው ሞዴል 60ም የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው። ባለንብረቶች የኋለኞቹን ክፍሎች ወደ ቀደሙት የሚያዛውሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከታምቡር ወደ ዲስክ

በታምቡር ፍሬን ሸራው የሚሠራው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። በረዥም ቁልቁለት ሲግል ሙቀቱ በቀላሉ አይወጣም፤ ታምቡሩም በሙቀት ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ወንዝ ሲሻገር ደግሞ ውኃና ጭቃ ውስጡ ይቀራል። ዲስኩ ግን ለነፋስ የተጋለጠ በመኾኑ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ውኃውንም እየዞረ ያራግፋል።

የመሪ አንጓው ድርሻ

የመሪ አንጓ (ናክል) የፊት ጎማውን ተሸክሞ መሪው ሲዞር አብሮ የሚዞር የብረት ክፍል ነው። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ላይ ክብ የአክስል ጫፍን አቅፎ ከላይና ከታች በሁለት ኩሽኔታዎች ይዞራል፤ ውስጡም በግራሶ ይሞላል። የፍሬኑ ካሊፐር የሚታሰረውም በዚሁ አካል ላይ ነው።

ኩሽኔታዎቹ ካለቁ አዲስ ዲስክ ቢገጠምም መሪው ይርገበገባል፤ ፍሬን ሲያዝም ተሽከርካሪው ወደ አንድ ጎን ሊስብ ይችላል። የአክስሉ ውስጠኛ ጎሚኒ ሲያረጅ ደግሞ የዲፈረንሻል ዘይት ከግራሶው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ጠንካራ ፍሬንን ባለቀ አንጓ ላይ መግጠም ትርፉ ወጪ ብቻ ነው። አንጓው ሲፈታ ኩሽኔታዎቹንና ጎሚኒዎቹን አብሮ መለወጥ፣ የመሪውን ክንድ የሚይዙትን ብሎኖችም መመርመር ይገባል። እነዚህ ብሎኖች ላልተው ከተቆረጡ መሪው ጎማውን ማዘዝ ያቅተዋል።

አብረው የሚታዩ ጉዳዮች

ለታምቡር የተሠራ የፍሬን ማስተር ሲሊንደር በመስመሩ ላይ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖረው ይችላል። ይህ ቫልቭ ሳይነሳ ዲስክ ከተገጠመ ፓዱ ዲስኩን አይለቅም፤ ፍሬኑም ሳይረገጥ ይግላል። ዲስክ ከታምቡር የበለጠ የእግር ኃይል ስለሚፈልግ አጋዥ ሰርቮ ያስፈልገዋል። አሮጌው ሲሊንደር ባለ አንድ መስመር ከኾነ አንድ ቱቦ ሲፈነዳ ፍሬኑ በሙሉ ስለሚጠፋ፣ ለፊትና ለኋላ የተለየ መስመር ባለው መተካት ይመረጣል። የአክስሉ ጥርስ ከአዲሱ ክፍል ጋር መግጠሙ፣ ካሊፐሩም ቸርኬውን አለመንካቱ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

የፍሬን ዘይትም ቸል ሊባል አይገባም። ዘይቱ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲኾን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። በቁልቁለት መካከል ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይኾናል።

ባለንብረቱ ራሱ የሚያደርገው ፍተሻ

ተሽከርካሪው ሜዳ ላይ ቆሞ የኋላ ጎማዎቹ ይታገዱ፤ የፊት ጎማው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይረፍ። ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ከተንገጫገጨ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። መንገጫገጩ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ሊኾን ይችላል፤ ካልጠፋ የመሪ አንጓው ይጠረጠራል።

ሥራው ልምድ ባለው መካኒክ ከተጠናቀቀ በኋላም ተሽከርካሪው መጀመሪያ ባዶውን ሜዳ ላይ ይሞከር፤ ከጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላም ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ። ምንም ያህል ፍሬን ቢሻሻል ግን ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ መውረድንና ከአቅም በላይ አለመጫንን አይተካም።