ከዲላ የሚላክ ቡናና የፖስታ ቀጠና ሒሳብ

የጌዴኦ ምድር በቡናና በእንሰት የታወቀ ነው። የይርጋ ጨፌ ቡና ስም በዓለም ገበያ ከናኘም ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ ደግሞ ፈቃድ ያለው ነጋዴ የተቆላ ቡናውን በኢንተርኔት ሱቅ አቅርቦ፣ አቀባባይ ሳያበዛ፣ ለጠጪው ለመሸጥ ይችላል። ነገር ግን ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የመላኪያውን ዋጋ ለማወቅ ይሻል፤ ጥቅሉ ግን ገና አልታሸገም፤ አልተመዘነምም። ስለዚህ ሱቁ ዋጋውን አስቀድሞ አስልቶ መንገር ይኖርበታል። ሒሳቡ ከተሳሳተ የነጋዴው ትርፍ በፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ይቀራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የስሌቱን መንገድ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እንለይ። የጌዴኦ ዞን ስንል የአስተዳደር ክፍል ማለታችን ነው፤ በፖስታ ታሪፍ ዞን የሚባለው ግን ለአንድ ዓይነት ክብደት እኩል ዋጋ የሚከፈልባቸው መድረሻዎች ስብስብ ነው። እንዳይደባለቅ ይህንን ሁለተኛውን ቀጠና እንለዋለን።

ቀጠና ርቀትን ይከተላል እንጂ ራሱ የመንገድ ርቀት አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 የጥቅል ፖስታ አገልግሎት ስትጀምር ታሪፉን በ8 ቀጠናዎች ከፈለችው። በ1916 በዩታ ግዛት፣ በቨርናል ከተማ ባንክ ሲሠራ፣ ጡቡ ከሶልት ሌክ ሲቲ በጥቅል ፖስታ ተላከ። ቦታው በካርታ ቅርብ፣ በመንገድ ግን ሩቅ ስለ ነበረ፣ የፖስታው ታሪፍ ከሌላው የጭነት ዋጋ ይረክስ ነበርና ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ታሪፉና የመንገዱ ወጪ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የዲላም ነጋዴ ጥቅሉን የሚረከበው ድርጅት አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የአገር ውስጥ መንገድ ወጪ ለብቻው ይደምራል። ለምሳሌ በአንድ ቀን ለሚጓዙ 12 ጥቅሎች 600 ብር ቢከፍል፣ የእያንዳንዱ ድርሻ 50 ብር ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ የምንጠቅሳቸው ዋጋዎች ለማስረጃ ብቻ የተመረጡ ናቸው። የአንድ ቀጠና ታሪፍ ለመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ 1,000 ብር፣ ለተጨማሪው ግማሽ ኪሎ ሁሉ 300 ብር ነው እንበል። ገዢው ከነከረጢቱ 520 ግራም የሚመዝን ቡና 3 ቢያዝ 1,560 ግራም ይሆናል፤ ካርቶኑ 240 ግራም ሲጨመርበት 1,800 ግራም ይመጣል። ይህም ወደ 2 ኪሎ ከፍ ብሎ ይቆጠራል፤ ዋጋውም 1,900 ብር ነው። ሱቁ እያንዳንዱን ከረጢት በየካርቶኑ እንደሚሄድ አድርጎ ለየብቻ ቢያሰላ ግን 760 ግራሙ ወደ 1 ኪሎ ከፍ ስለሚል፣ 1,300 ብር ሦስት ጊዜ፣ ማለትም 3,900 ብር ይጠይቃል። እንግዲህ ትእዛዙ አስቀድሞ ተደምሮ ኋላ መመዘን አለበት።

በተጨማሪም የፈጣን መልእክት ድርጅቶች መጠንን ይመለከታሉ። የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ብዙ ጊዜ ለ5,000 ይካፈላል። 30 በ25 በ20 የሆነ ካርቶን 3 ኪሎ ይሆናል፤ ከሚዛኑ ስለሚበልጥም የሚከፈለው በ3 ኪሎ ነው። የተቆላ ቡና ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ነውና ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ምናልባት «ለሁሉም አንድ አማካይ ዋጋ ቢደረግ አይሻልምን?» የሚል አይጠፋም። ለአዲስ አበባ 200፣ ለውጭ አገር 1,900 ብር ቢሆን አማካዩ 1,050 ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባው ገዢ ተወድዶበት ይሄዳል፤ የውጭው ረክሶለት ይመጣል፤ ነጋዴውም በያንዳንዱ ጥቅል 850 ብር እየከሰረ ገበያው ደራ ይላል። በቀጠና መክፈል ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

በጠቅላላው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ትእዛዙን መደመር፣ ማሸጊያውን መጨመር፣ ክብደትንና መጠንን አነጻጽሮ የበለጠውን መያዝ፣ ከቀጠናው ሠንጠረዥ ዋጋውን ማንበብ፣ በመጨረሻም የአገር ውስጡን መንገድ መደመር። የመድረሻው አገር ቀረጥ ከዚህ ውጭ መሆኑም ለገዢው ይነገረው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የገበሬው ድካም ዋጋ እንዲያገኝ ወይም በመንገድ እንዲቀር የሚወስነው ይኸው ነው።