ፍርሃቱ መርፌው ላይ፣ አደጋው ወረፋው ላይ

የደም መለገሻ ከረጢት ሲያዩት ተራ ላስቲክ ይመስላል። ከውስጡ ውሃ የሚመስል 63 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ አለ፤ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው እሱ ነው። ከከረጢቱ አንድ ረጅም ቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ በቱቦው ጫፍ ክዳኑ ያልተነካ መርፌ ተገጥሟል። መርፌው፣ ቱቦውና ከረጢቱ አንድ አካል ሆነው፣ ከጀርም ጸድተውና አብረው ታሽገው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ለጋሹ ጨርሶ ሲነሣ ቱቦው በሙቀት ተጣብቆ ይዘጋል፣ መርፌው ተቆርጦ ወደ ስለት መጣያው ይገባል። ለሁለተኛ ሰው የሚውልበት መንገድ የለም።

ይህን ትንሽ ዕቃ በቅርብ ያየ ሰው፣ «በመርፌው በሽታ ይገባብኝ ይሆን?» ከሚል ስጋት ያርፋል። ወረርሽኝ ሲመጣ ግን ስጋቱ እንደገና ይነሣል። በኮሮናው ወረርሽኝ ጊዜ በሳዑዲዎቹ ከተሞች በጅዳና በመካም ሰው ደም ለመስጠት ሲያስብ የሚያመነታባቸው ምክንያቶች በዙ።

ሳዑዲ ዓረቢያ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ማግኘቷን ያስታወቀችው የካቲት 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እኛ ዓድዋን በምናከብርበት ዕለት ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። ዑምራ ታገደ፤ ሌት ተቀን ጠዋፍ፣ ማለትም ካዕባን የመዞር ሥርዓት፣ የማይቋረጥበት የካዕባ ዙሪያ ለጽዳት ሲባል ባዶውን ታየ። መጋቢት 24 በመካና በመዲና፣ መጋቢት 28 ደግሞ በጅዳ ቀኑን ሙሉ የሚጸና ሰዓት እላፊ ታወጀ። ከቤት መውጣት የተፈቀደው በየሰፈሩ፣ ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ ለምግብና ለሕክምና ብቻ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው ያስተናገደው ሐጅ፣ በ2012 ሐምሌ በአገሩ ከሚኖሩት መካከል ለተመረጡ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈቀደ።

ሁሉም ነገር ሲቆም ያልቆመ አንድ ነገር ቢኖር የደም ፍላጎት ነው። ደም ባንክ ደግሞ ጎተራ አይደለም። እህል በጥጋብ ዘመን ተከቶ ለክፉ ቀን ይደርሳል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ከ2 እስከ 6 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ 42 ቀን ነው ዕድሜው። ደምን የሚያረጋው ፕሌትሌትማ በክፍል ሙቀት፣ በሚወዛወዝ ማሽን ላይ ተኝቶ፣ 5 ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። ዓመት የሚያስቆጥረው በረዶ የሆነ ፕላዝማ ነው። ስለዚህ ሰው አንድ ወር ተኩል ቤቱን ቢዘጋ፣ ዛሬ ሞልቶ የታየው ፍሪጅ ባዶውን ይቀራል። ቀጠሮ የተያዘለት ቀዶ ሕክምና ሊተላለፍ ይችላል፤ እየደማች ያለች ወላድ ግን ቀጠሮ አይሰጣትም። በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ደም የሚወስደው የታላሴሚያ ሕመምተኛ ልጅም ወረርሽኙ እስኪያልፍ አይጠብቅም።

በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ፣ በቢሻ ከተማ ባለው የንጉሥ አብደላህ ሆስፒታል የ5 ወራት የወረርሽኝ ጊዜ ተመዝኖ ነበር። ወደ ደም ባንኩ የመጣው ለጋሽ በ39.5 በመቶ ሲቀንስ፣ የደም ፍላጎቱ የቀነሰው በ21.7 በመቶ ነው። ልዩነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ መገመት አያቅትም። በአገራችንም ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን ሲዘጉ፣ ደም ባንኩ አለኝ የሚላቸውን ለጋሾች፣ ተማሪዎቹን፣ ባንድ ጊዜ አጣ።

የሚያመነታ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ «ደም ስሰጥ አቅሜ ተዳክሞ በሽታው ይይዘኝ ይሆን?» የሚል ነው። የሚለገሰው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በአዋቂ ሰው ሰውነት ካለው 5 ሊትር ገደማ ደም ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን፣ ቀይ ሕዋሱ በሳምንታት ውስጥ ይተካል። ጤነኛ ሰው ደም በመስጠቱ በሽታ የመከላከል አቅሙ እንደሚዳከም የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ሁለተኛው፣ «የኔ ደም ሌላውን ይበክል ይሆን?» ነው። ኮሮና የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ነው። በአንዳንድ፣ በተለይ በጠና በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ የቫይረሱ ቅንጣት መታየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በደም ልገሳ ወደ ተቀባይ መተላለፉ የተረጋገጠበት አንድም ሰው አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 11 ቀን 2012 ባወጣው መመሪያ፣ ታሞ የዳነም ሆነ ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበረው ሰው 28 ቀን ያህል እንዲቆይ የመከረው ለጥንቃቄ ነው፤ በኋላ ከበሽታው ለዳኑት ጊዜው ወደ 14 ቀን አጠረ። ጅዳ ውስጥ የደም ባንክ ሐኪም የሚሰጋው ሌላ ቫይረስ አለ፤ እሱም ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋ የምታውቀው፣ በትንኝ የሚመጣው የደንጊ ትኩሳት ነው። ይህ በደምም ሊተላለፍ ስለሚችል፣ «ሰሞኑን ትኩሳት ነበረዎት?» የሚለው ጥያቄ ኮሮና ቢኖርም ባይኖርም ይጠየቃል።

ሦስተኛው ጥያቄ ተገቢ ስጋት ያለበት ነው፦ «እዚያ ስሄድስ?»

ጅዳ ለዚህ ጥያቄ መልሱን የተማረችው ቀደም ብላ ነው፤ የከፈለችውም ዋጋ ከባድ ነበር። መርስ የተባለው የኮሮና ዝርያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው በዚሁ ከተማ፣ በ2004 ዓ.ም. በዶክተር ሱለይማን ፈቂህ ሆስፒታል ከታከመ ሰው ናሙና ነው፤ ያገኙት ግብፃዊው የቫይረስ ሊቅ ዶክተር ዓሊ ሙሐመድ ዘኪ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. በጥርና በግንቦት መካከል ጅዳ ላይ 255 ሰዎች በመርስ መያዛቸው ተረጋገጠ፤ 93ቱ ሞቱ። ተመራማሪዎች ዱካውን ሲከተሉ አብዛኞቹ ታማሚዎች ከሆስፒታል ጋር ንክኪ የነበራቸው ሆነው ተገኙ። በሽታው የተሸጋገረው ታማሚና ጤነኛ ተቀራርበው በሚጠባበቁበት፣ ጥንቃቄ በላላበት ቦታ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ደም ለጋሽን የሚያሰጋው የሰዎች መቀራረብ ነው፤ ደህና ደም ባንክም ጥንቃቄውን የሚጀምረው ከበሩ ነው።

በሩ ላይ ሙቀት ይለካል፤ ያሳለው ሰው በትሕትና ይመለሳል። ለጋሹ በቀጠሮ ይመጣል፤ ወንበሮች ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ የታመሙት የሚገቡበት በር ለጋሾች ከሚገቡበት ይለያል። ነርሷ ማስክ አድርጋ እጇን በሳኒታይዘር ታሻለች፤ በለጋሹ የክርን እጥፋት ላይ ያለውን ቆዳ ጠርጋ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ደሙ መውረድ ሲጀምር የመጀመሪያው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ወደ ትንሽ የጎን ከረጢት ይሄዳል፤ መርፌው ቆዳ ላይ የነካውን ጀርም ይዞ የሚወጣው እሱ ስለሆነ ለምርመራ ይውላል እንጂ ለታማሚ አይሰጥም። ዋናው ከረጢት በሚወዛወዝ ሚዛን ላይ ተኝቶ በ10 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ከዚያ ናሙናው ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። በኮሮናው ጊዜ ለቀጠሮ የሚረዳ ወቲን የሚባል የስልክ መተግበሪያም ነበር፤ ወቲን በዐረብኛ ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ሥር ነው።

በረመዳን ሌላ ጉዳይ ይነሣል። ብዙ የአገሩ ሊቃውንት ብዙ ደም መስጠት ጾም ያፈርሳል ይላሉ፤ ፍርዱን የሚያያይዙት እኛ ዋግምት ከምንለው ከሒጃማ ጋር ነው። ስለዚህ በጾሙ ወር ልገሳው ከኢፍጣር በኋላ፣ በሌሊት ይሞቃል። ለሰውነትም የሚሻለው ይኸው ነው፤ በጅዳ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ ውሎ ደም መስጠት ራስ ያዞራል።

በእነዚህ ከተሞች ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሚመለከት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ወባ ካለበት አካባቢ የመጣ ሰው በብዙ አገር መመሪያ እስከ 3 ዓመት እንዲቆይ ይጠየቃል። ከመተማ ወይም ከሁመራ በረሃ የመጣ ወንድም ይህን ሲሰማ እንደ ንቀት ሊያየው አይገባም፤ ወባ በደም ትተላለፋለች። በመጠይቁ ላይ የመጡበትን አካባቢ በእውነት መናገር ራሱ የልገሳው ክፍል ነው። «ማን ያውቀኛል» ብሎ መደበቅ የሚጎዳው እዚያ አልጋ ላይ ያለውን ሰው ነው።

እንግዲህ ወረርሽኝ ዳግም ቢመጣ ነገሩ እንዲህ ነው። ትኩሳት ወይም ሳል ካለብዎ፣ ቤትዎ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ፣ ይቅሩ፤ ነገ ይደርሳል። ጤነኛ ከሆኑ ግን ቀጠሮ ያስይዙ፣ በልተውና ውሃ ጠጥተው ይሂዱ፣ ወረፋው ከተጨናነቀ ውጭ ይጠብቁ። ሰጥተው ከተመለሱ በኋላ በቀናት ውስጥ ቢያምዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ለደም ባንኩ ይደውሉ። ከረጢትዎ ገና ፍሪጅ ውስጥ ሊሆን ይችላል።